ሲስተር በቀለችና የልጄ ወዝ

ሲስተር በቀለች ማረፋቸውን የነገረኝ ልጃቸው ዳንኤል ነው። ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «እትዬ አስካለ፣ እማዬ አረፈች» አለኝ። ወግ ነውና «እግዚአብሔር ያጥናህ ልጄ፣ ነፍሳቸውን ይማር» አልኩት። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበርኩ። ቀጠለና፣ «ቀብሩ ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እያዘጋጀን ነው። በሰፈራው ዘመን አብረዋት ከሠሩት ውስጥ የማገኘው እርስዎን ብቻ ነው። ስለ አገልግሎቷ ትንሽ ነገር ይጻፉልን» አለኝ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ።

ጻፍኩ እኮ! «ሲስተር በቀለች ሕፃናትን የሚንከባከቡ፣ እናቶችን የሚመክሩ፣ ታታሪና…» ብዬ ጻፍኩና ቀጥሎ ብዕሬ ጫፍ ላይ የመጣው ቃል «እውነተኛ» የሚለው ሆነ። እጄ አልሄድ አለኝ። ምን ላድርግ? «ታታሪ» የሚለው ላይ አራት ነጥብ አድርጌ ላክሁለት። ታታሪስ ነበሩ፤ እሱን የሚክድ የለም። የቀረውን ግን ይኸው እዚህ ላይ አወራዋለሁ። «ምነው በሞተ ሰው ላይ» የሚል ካለ አያንብበው።

ጊዜው ደርግ በድርቅ የተጎዳውን የወሎንና የትግራይን ሕዝብ በመኪና እየጫነ ወደ ኢሉባቦር ያመጣበት ነው። ከመቱ ሲኬድ ከሁሩሙ ከተማ ወዲያ፣ ጫካው ተመንጥሮ ሰፈራ ተሠርቶ ነበር። ጎጆው በሰልፍ፣ መሐል ላይ ክሊኒኩ፣ ከክሊኒኩ ፊት ለፊት የካድሬው ቢሮ። እኔ የመቱ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ መቱ ገበያ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ አጭር ሥልጠና ወስጄ፣ ካርድ የምታወጣና ሕፃናት የምትመዝን ተብዬ እዚያ ተመደብኩ። ባለቤቴ ሰሜን ጦር ግንባር ነበር፤ እኔ ነፍሰ ጡር።

የክሊኒኩ ኃላፊ ሲስተር በቀለች ነበሩ። የጎሬ ሰው ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋውናቸው ሁልጊዜ የሚያጥራቸው፣ ድምፃቸው ግን የሰፈራው ዳር ድረስ የሚሰማ። መጀመሪያ ቀን ወረቀቴን ሳይሆን ሆዴን ነው ያዩት።

«ስንተኛ ወርሽ ነው?»

«ስድስተኛዬ ነው ሲስተር።»

«እሰይ! ሰው አጣን ብል ሁለት ላኩልኝ» አሉና እየሳቁ ወንበር ሰጡኝ። እኔ ገና ስሜን ሳልናገር ወደድኳቸው።

ምን ያልሆኑልኝ ነገር አለ! እናቴ በልጅነቴ ነው የሞተችብኝ። ምጥ ሲይዘኝ አጠገቤ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ልማዳቸው ነበር፣ ሕፃን ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ያሞቁታል። እኔ እጮሃለሁ፣ እሳቸው እጃቸውን ሸጉጠው ቆመው «ሕፃን ከሞቀ ቤት ነው የሚመጣው፤ በቀዘቀዘ እጅ አንቀበለውም» ይሉኛል። በምጥ መሐል አስቀውኛል፤ እግዜር ያሳያችሁ! ስሟንም ያወጡላት እሳቸው ናቸው፤ ብርቅነሽ ተባለች። የአራስ ገንፎዬን ያገነፉልኝ፣ ወገቤን ያሰሩልኝ፣ ወተቴ እንዲመጣ አብሽ አፍልተው ያጠጡኝ እሳቸው ናቸው። ቤታቸውና ቤቴ ጎን ለጎን ነበር፤ የሚለየን የሙዝ ተክል ብቻ። እውነቱን ልናገርና፣ እናት ምን እንደሆነች ያወቅኩት በሳቸው ነው።

አሁን ስለ ዘይቱ ልንገራችሁ።

ሕፃን ማሸት የማን ልማድ ነው ብትሉኝ የሁላችንም ነው። ወሎዬዋም፣ የመቱዋም፣ የአካባቢው ኦሮሞም ልጇን በቅቤ ታሻለች። ቅቤ ከሌለ ደግሞ በዘይት። ሰፈራው ውስጥ ለሕፃናት ገንፎ ማጣፈጫ ተብሎ የእርዳታ ዘይት ይታደል ነበርና፣ እናቶቹ እቤታቸው ሲገቡ ግማሹን ገንፎው ላይ፣ ግማሹን ገላው ላይ ያደርጉታል። ይሄ ነገር ሲስተርን ያሳብዳቸው ነበር።

ዘሀራ የምትባል የወሎ ሴት ነበረች፤ ምላሷ የማይቻል። አንድ ቀን ልጇን ልታስመዝን አምጥታ፣ ሚዛኑ ላይ ላንጠለጥለው ሳነሳው ሕፃኑ ከእጄ ሙልጭ ብሎ ሊወድቅ! ዘይት በዘይት ነው። ሲስተር ከውስጥ ክፍል ብቅ አሉ።

«ዘሀራ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ዘይት ነዋ፣ እናንተው የሰጣችሁኝ።»

«ለገንፎው እኮ ነው የሰጠንሽ!»

«ገንፎውንም በልቷል። ታዲያ ገላውስ ምን በወጣው? እሱም ይብላ እንጂ።»

ሲስተር የሕፃኑን ክንድ ብድግ አደረጉና «እስቲ አሳዪኝ፣ አፉ የት ጋ ነው? ቆዳ ጥርስ የለውም ዘሀራ! አያኝክም፣ አይውጥም። የቀባሽው ላዩ ላይ ሲያብለጨልጭ ይውልና ማታ ነጠላሽ ይጠርገዋል። ልጅሽ የበላው ከነጠላሽ የተረፈውን ነው!» አሉ። ተራ የሚጠብቁት እናቶች በሳቅ ፈረሱ። ዘሀራም ሳቀች፤ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ልጇን ደረቅ አድርጋ ነው የምታመጣው።

«ቆዳ ጥርስ የለውም» የሰፈራው መዝሙር ሆነ። ማርና በቆሎ ይዘው ለሚመጡት ለአካባቢው እናቶች በኦሮምኛ «ጎጋን ኢልካን ሂንቀቡ!» ይሏቸዋል። ሕፃናቱ ራሳቸው እርስ በርስ ሲሰዳደቡ ይሉታል። ለእኔ ደግሞ ሥራ ሲቀዘቅዝ ቁጭ አድርገው ያስረዱኛል። «ዘይት ኃይል ሰጪ ነው አስኩ። ሕፃን ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ገንፎ አይችልም፤ ማንኪያ ዘይት ጠብ ካደረግሽለት ግን ትንሹ ገንፎ ብዙ ሆነለት ማለት ነው። መቀባቱ ቆዳውን ያለሰልሳል፣ እሱን አልክድም። ሰውነት የሚያቆመው ግን በጉሮሮ የወረደው ነው። የተቀባ ዘይት ከምግብ አይቆጠርም።»

በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ፣ ኮሌጅ የምትማረዋ፣ ገላዋን ቅባት እየተቀባች «እትዬ አስካለ፣ ይኼ ነገር በቆዳ ገብቶ ያወፍራል ይላሉ፣ እውነት ነው? ካሎሪ አለው?» አለችኝ። ቀልዷን ነው። እኔ ግን የያዝኩትን ሲኒ አስቀመጥኩ። «አያወፍርም ልጄ፣ ተቀቢ» አልኳትና ወደ ጓዳ ገባሁ። ምን ልበላት? እኔ ይሄን ጥያቄ ያወቅኩበትን መንገድ ለሷ መንገር ግፍ ነው።

ሲስተር ደፋርም ነበሩ። ይሄን ካልነገርኳችሁ ቀጥሎ የሚመጣው አይገባችሁም። ካድሬው ጓድ ጌታሁን ይባል ነበር፤ ወጣት ነው፣ ሰው ሁሉ ሲያየው ከመቀመጫው ይነሳል። አንድ ዝናባማ ቀን በጭቃ ጫማው ሕፃናቱ የተኙበት ክፍል ዘው አለ። ሲስተር መርፌ እየወጉ ነበር፤ ቀና እንኳ ሳይሉ «ጓድ፣ ጫማህን አውልቅ፣ ካልሆነም ውጣ» አሉት። ጓድ ጌታሁን ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ… ወጣ! በራሱ እግር ወጣ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ማየት ምን ማለት እንደነበር የዛሬ ልጅ አይረዳውም። እኔ በዚያ ቀን፣ ይቺ ሴት የፈለገው ቢመጣ አትዋሽም አልኩ። በልቤ ማልኩላቸው።

ከዚያ ክረምቱ በረታ፤ መንገዱ ተቆረጠ፤ የእርዳታው መኪና መምጣቱን ትቶ አንዳንዴ ብቻ ብቅ የሚል ሆነ። ገንፎው ቀጠነ። ዘይቱ በቆርቆሮ መለካቱ ቀርቶ በማንኪያ ሆነ። «እጥረት» የሚለውን ቃል መናገር ክልክል ነበር፤ «ጊዜያዊ የአቅርቦት መስተካከል» ነው የሚባለው። ሕፃናቱ ግን ቃሉን አያውቁትም፤ መክሳት ብቻ ነው የሚያውቁት። የእኔዋ ብርቄ ያን ጊዜ ድዷን እያሳከካት፣ ገንፎ ጀምራ ነበር። እኔ ወባ ደጋግሞ ጥሎኝ ወተቴ ስለደረቀ፣ እሷም እንደ ሰፋሪዎቹ ልጆች ካርድ ወጥቶላት ከዚያው ዘይት ነበር የሚደርሳት። ያቺ ማንኪያ ዘይት ለልጄ ምን እንደሆነች አውቃለሁ። ሲስተር ናቸው ያስተማሩኝ።

በዚህ መሐል ጉብኝት ይመጣል ተባለ። ከበላይ ትልልቅ ሰዎች፣ ካሜራ የያዙ ፈረንጆችም አብረው። አጥር ተለሰነ፣ ድንጋይ ኖራ ተቀባ። ልጆቹስ? ልጆቹ ቆዳቸው አመድ መስሎ፣ ተጨማዶ። ልጅ ኖራ አይቀባ!

አንድ ጠዋት ሲስተር እናቶቹን ሁሉ ክሊኒኩ ደጅ ሰበሰቡ። ጓድ ጌታሁን ከኋላቸው በሩን ተደግፎ ቆሟል። ሲስተር ሁልጊዜ ሲናገሩ እጃቸው አያርፍም፤ ያን ቀን ግን ሁለቱም እጆቻቸው ጋውናቸው ኪስ ውስጥ ነበሩ። «እናቶች» አሉ፣ «ከእንግዲህ የሚሰጣችሁን ዘይት ልጆቻችሁን እሹበት። ጠዋትና ማታ፣ ፊታቸውን፣ ክንዳቸውን፣ እግራቸውን። አዲስ መመሪያ መጥቷል። ቆዳ ዘይት ይጠጣል። ሰውነት ይቀበለዋል።»

ከዚያ ዘሀራ ከኋላ፣ «ሲስተር፣ ቆዳው ጥርስ አበቀለ እንዴ?» አለች።

ሳቁ አይጣል ነው። ሲስተር አልሳቁም፤ ጓድ ጌታሁንም አልሳቀም። እኔ ካርዶቼን ይዤ ከጎናቸው ነበርኩ፤ ግራ ገባኝ፤ እንደ ልጅ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ሲስተር፣ እውነት ነው?»

ዞር ብለው አዩኝ። ረዘም አድርገው ነው ያዩኝ፤ እስከ ዛሬ ያ አስተያየት ፊቴ ላይ አለ። «እውነት ነው አስካለ» አሉኝ። «ሰውነት ይጠጣዋል። ከምግብ ይቆጠራል።»

በዚያው ቀን ሚዛኑ ከተሰቀለበት ወረደ፤ ሊታደስ ነው ተባለ። እኔም ሥራ ቀለለኝ ብዬ ካርድ ማስተካከል ያዝኩ። አያችሁ፣ ይሄንንም አመንኩ!

አሁን «አንቺ የተማርሽ ሰው፣ እንዴት አመንሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ዘመዶቼም ብለውኛል። ከሌላ ሰው አፍ ቢሆን እስቅ ነበር። ጓድ ጌታሁን ራሱ ቢለው ዘይቱን ደብቄ ገንፎዋ ላይ አደርገው ነበር። ግን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ቆዳ አይበላም ብለው ያስተማሩኝም እሳቸው፣ ይበላል ብለው የነገሩኝም እሳቸው። አዲስ ነገር ተገኝቷል፣ ሳይንስ ነው፣ ይለወጣል ብዬ አሰብኩ። ሰው እናቱን «ይሄ መርዝ አለመሆኑን አረጋግጪልኝ» ይላል እንዴ?

እናም ቀባኋት። ጠዋትና ማታ። እንደሳቸው እጄን ብብቴ ሥር አሞቅና፣ ማንኪያዋን ሙሉ መዳፌ ላይ አፍስሼ፣ ከአንገቷ ጀምሬ እስከ ጣቶቿ እያሸሁ፣ «ብርቄ በላች፣ ብርቄ ጠገበች» እያልኩ እዘፍንላት ነበር። እሷም ትስቃለች፤ መታሸት ትወድ ነበር። ገንፎዋን ያለ ዘይት፣ በውኃ ቀጥኖ፣ ትንሽ ቀምሳ ትተወዋለች፤ «አይጎዳትም፣ በገላዋ በልታለች» እላለሁ። ልጄ ወዛች። አቤት ስትወዛ! ያያት ሁሉ «ወዟ! ወዟ!» ይላል። ሳቅፋት እየቀለለችኝ መምጣቷን እጄ ያውቅ ነበር፤ ዓይኔ ግን ያንን ወዝ እያየ አላምን አለ። ሚዛኑ ቢኖር እመዝናት ነበር።

ሲስተርም በየቀኑ ያዩን ነበር። በሙዙ በኩል ሲያልፉ «እንደምን አደራችሁ» ብለው ነው የሚያልፉት። ከዚያ በፊት ሳይቀመጡ አያልፉም ነበር። ጉብኝቱ አስጨንቋቸው ነው አልኩ።

እንግዶቹ መጡ። መኪኖቹ ጭቃ ለብሰው፣ ሰዎቹ ኮት ለብሰው። እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰለፉ፤ ሁሉም ልጅ ያብለጨልጫል። እኔም ተሰለፍኩ። ከበላይ የመጣው ትልቁ ሰውዬ በሰልፉ ፊት እያለፈ መጣና ብርቄ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከእጄ ተቀበላት፤ ብድግ አድርጎ ወደ ካሜራው አዞራት። «ይኸው! የሰፈራው ፍሬ!» አለ። ተጨበጨበ። ልጄ ጭብጨባውን ወዳ እጇን አርገበገበች። እኔ፣ እኔማ ደስ አለኝ እንጂ! ከዚያ ሁሉ ልጅ የእኔ ተመረጠች ብዬ ሲስተርን ፈልጌ አየኋቸው፤ «አዩልኝ?» ልላቸው። መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ጉብኝቱ አልፎ ብዙም ሳይቆይ ተቅማጥ ገባ። በክረምት ያለ ነው፤ ብዙ ልጆች ያዛቸው፣ ብዙዎቹም ዳኑ። ብርቄን ሲይዛት ግን ሰውነቷ ምንም የሚከራከርበት አቅም አልነበረውም። ሲስተር መቱ ለስብሰባ ሄደዋል። ስኳርና ጨው በጥብጬ አጠጣኋት፣ አላስቀር አለች። ቡና የጫነ መኪና ሲያልፍ ሾፌሩን ለምኜ ወደ መቱ ይዣት ወጣሁ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ እየቆምን፣ እየተገፋን ነው የምንሄደው። ሁሩሙ ሳንደርስ ልጄ እቅፌ ውስጥ ሞተች። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወርዶ ከመኪናው ጎን ቆሞ አለቀሰ። ሌላ ስለዚያ ቀን የምናገረው የለኝም።

ሲስተር በማግስቱ ከመቱ ሲመለሱ ከበሩ ጀምረው እየጮሁ ነው የገቡት። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ ብርቄን!» እያሉ ደረታቸውን መቱ። እኔም ጭናቸው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ፀጉሬን እየዳበሱ አብረውኝ አለቀሱ። እንባቸው አንገቴ ላይ ይወርድ ነበር። ያንን እንባ ሳስበው ነው እስከ ዛሬ ደሜ የሚፈላው።

ምክንያቱን ዘሀራ ነገረችኝ። ልትነግረኝ ብላ አይደለም። ቡናና ዳቦ ይዛ ልታስተዛዝነኝ መጥታ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «እኔን! ምን ነካብሽ ይቺን የመሰለች ልጅ? ዘይቱን ደህና ትበላልሽ ነበር?» አለችኝ።

«ዘይቱንማ እቀባት ነበር፤ ሲስተር እንዳሉት።»

«እሱማ ሁላችንም ለወጉ ነካ አድርገናል፤ የቀረውን ማለቴ ነው።»

«የቀረ የለም ዘሀራ። ሁሉንም ቀባኋት።»

ያቺ ምላሷ የማያርፈው ሴት ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «አመንሻት?» አለችኝ። «እኛ እኮ ገንፎው ላይ ነበር የምናደርገው፤ ለጉብኝቱ ቀን ብቻ ነው ያሸናቸው። ሲስተር ያን ቀን ስትናገር ሰውየው ከኋላዋ ቆሞ አልነበር? የምትናገረው ለኛ መሰለሽ? እንዲህ ያለውን ንግግር እኛ ካገራችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ኧረ እህቴ! አንቺ፣ የቤቷ ልጅ፣ እንዴት ሳታውቂ?»

ለካ ሰፈራው ሁሉ ያውቅ ኖሯል። ፊደል ያልቆጠሩት፣ ከሳቸው ጋር ገበታ ያልቀረቡት፣ ሲስተርን ሲያሙ የሚውሉት ሁሉ አውቀው ልጃቸውን አተረፉ። ያመንኩት እኔ ብቻ ነኝ። የምወዳቸው እኔ ብቻ ስለነበርኩ።

ነጠላዬን እንደለበስኩ ክሊኒክ ሄድኩ። ሚዛኑ ተመልሶ ተሰቅሏል፤ ምንም የታደሰ ነገር የለውም። ሲስተር መርፌ እየቀቀሉ ነበር። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ዋሹኝ?» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። በሩን ዘጉ። «ቁጭ በይ አስኩ» አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም። ከዚያ እየተንተባተቡ ተናገሩ። ጓድ ጌታሁን ልጆቹ ወዝተው ይታዩ ብሎ እንዳዘዘ፣ እናቶቹ ደግሞ እሳቸው ካልተናገሩ ዘይት እንደማያባክኑ እንደሚያውቅ፣ እምቢ ሲሉት የዳንኤልን ስም እንዳነሳባቸው። ዳንኤል ያን ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው እየደረሰ ነበር። «አንድ ልጄ ነው» አሉኝ።

ይሄ ገብቶኛል። ያን ጊዜም ገብቶኛል። እናት ለልጇ ብላ መቶ እናት ፊት ብትዋሽ እኔ ድንጋይ አልወረውርባትም። «ይሁን» አልኳቸው። «ለነሱ ይዋሹ። ለእኔስ?»

«ጌታሁን እኮ እላዬ ላይ ቆሞ ነው የጠየቅሽኝ፤ ምን ልበልሽ? ከሥራ ስትወጪ እቤት ትመጫለሽ፣ ያን ጊዜ እነግራታለሁ ብዬ ጠበቅሁሽ። ሳትመጪ ስትቀሪ ገብቷታል አልኩ። አብረሽኝ ስትሠሪ የኖርሽ ልጅ፣ አንቺ ይሄን ታምኛለሽ ብዬ በምን ልጠርጥር?»

«ስለማምንዎት ነው ያልመጣሁት!» ብዬ ጮህኩ። «እውነት ነው ካሉኝ በኋላ ምን ልጠይቅ እመጣለሁ? እርስዎስ? በየቀኑ በደጄ ሲያልፉ፣ ‹ብርቄ ዘይቷን በልታለች ወይ?› ብሎ መጠየቅ አቃተዎት? አንድ ጥያቄ እኮ ነው! ጌታሁን ሙዝ ተክሉ ውስጥ ነበር እንዴ?»

መርፌው የሚፈላበት ድስት ይንተከተካል። ሲስተር በቀለች ድስቱን ከእሳቱ አወረዱ። ሌላ ሰበብ ያመጣሉ ብዬ እየጠበቅኩ ነበር፤ እውነቱን ልንገራችሁና፣ ቢያመጡ ደስ ይለኝ ነበር።

«ብጠይቅሽ ትነግሪኝ ነበር፤ ከሰማሁ በኋላ ደግሞ አላወቅኩም ማለት አልችልም ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። እነግራቸው ነበር።